የትንሽ ውሻን ፀጉር ማስረዘም ወይስ ማሳጠር? ለደሴና ለኮምቦልቻ አሳዳጊዎች ዝርዝር መመሪያ

ቡቺ ወደ ቤታችን የመጣው ገና የአራት ወር ቡችላ ሳለ፣ በመጋቢት ወር ነበር። ፀጉሩ ነጭና እንደ ተባዘተ ጥጥ የለሰለሰ ስለነበር መቀስ እንዳይነካው ቤተሰቡ በሙሉ ተስማማ። ቤታችን ደሴ፣ ከጦሳ ተራራ ግርጌ ነው። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ጉሙ ከግቢያችን ሳይነሣ በሰነበተበት ሳምንት፣ ከፊት እግሩ ሥር ብብቱ ውስጥ እጄን ሳስገባ የእንቁላል አስኳል የሚያክል ጠጣር ነገር ዳሰስኩ። እብጠት መስሎኝ ደነገጥኩ። ገልጬ ሳየው ግን የቆመው ፀጉር ከረገፈው ፀጉርና ከርጥበቱ ጋር ተወቅጦ እንደ ባና የጠነከረ ድብልብል ሆኖ አገኘሁት። በመቀስ ቆርጬ ላወጣው ስሞክር ከፀጉሩ ጋር ተስቦ የተነሣውን ቆዳ አብሬ ቆረጥኩት። ቁስሉ ትንሽ ነበር፤ ነገር ግን ቡቺ እስከ ዛሬ ድረስ መቀስ ሲያይ ጠረጴዛ ሥር ይገባል። ይህን የምጽፈው ሌላ ውሻ ተመሳሳይ ነገር እንዳይደርስበት ስለምፈልግ ነው።

የደረስኩበትን ከመነሻው ልናገር። የትንሽ ውሻ ፀጉር ርዝመት የሚወሰነው በመልኩ ማማር ሳይሆን አሳዳጊው በየዕለቱ ለማበጠር በሚኖረው ጊዜ፣ ቀጥሎም ውሻው ቀኑን በሚውልበት ቦታ ነው። የውሻው ዘር ከታወቀ፣ ከዚህ በታች ያሉትን ደረጃዎች በቅደም ተከተል የተከተለ ሰው ውሳኔው ላይ ለመድረስ አሥር ቀን ያህል ይበቃዋል።

የመጀመሪያው ደረጃ፦ የፀጉሩን ዓይነት መለየት

ውሻውን ብርሃን ባለበት ቦታ አስቀምጣችሁ የጀርባውን ፀጉር ሹሩባ እንደሚሠራ ሰው በጣታችሁ ከፍላችሁ ሥሩን ተመልከቱ። ማልቲዝ፣ ፑድል፣ ሺትዙ፣ ላሳ አፕሶና የእነዚህ ድቅሎች ፀጉራቸው እንደ ሰው ራስ ፀጉር ለረጅም ጊዜ ሳያቋርጥ ያድጋል። ሺትዙና ላሳ አፕሶ ከሥር ስስ የውስጥ ፀጉር ቢኖራቸውም፣ የላይኛው ማደጉን ስለማያቆም ከዚሁ ወገን ይቆጠራሉ። በግቢ የምናውቀው የጥበቃ ውሻ ፀጉር የተወሰነ ርዝመት ላይ ሲደርስ ቆሞ ይረግፍና በአዲስ ይተካል፤ የእነዚህ ግን የሚረግፈው ጥቂቱ ፀጉር እንኳ መሬት ላይ ከመውደቅ ይልቅ በቆመው መሃል ተይዞ ይቀራል። የድብልብሉ መነሻ ይኸው የተያዘው ፀጉር ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ውሻ ማስረዘምም ሆነ ማሳጠር ይቻላል።

ፖሜራኒያንና መሰሎቹ የተለዩ ናቸው። ፀጉራቸው ሲከፈል ከላይ ቀጥ ያለና ሻካራ፣ ከሥር ደግሞ እንደ ጥጥ የታመቀ ሌላ ንብርብር ይታያል። እንዲህ ያለው ውሻ በማሽን እስከ ሥሩ ከተላጨ ፀጉሩ ለብዙ ወራት ሳይመለስ ሊቆይ፣ ሲመለስም ቀለሙና ልስላሴው ተለውጦ ወይም ቦታ ቦታውን ሳስቶ ሊበቅል ይችላል። ስለዚህ የፖሜራኒያን አሳዳጊ የእግር ጣቶቹንና የጅራቱን ሥር ብቻ በመቀስ እያስተካከለ፣ የውስጡን ፀጉር በሚገባ ቢያበጥርለት ይበቃዋል፤ የማሳጠሩን ጥያቄ ለጊዜው ይተወው።

ዘሩ ያልታወቀ ድቅል ከሆነ ደግሞ የጀርባውን አንድ ቦታ መርጣችሁ ለሦስት ወር በየወሩ በማስመሪያ ለኩ። ርዝመቱ እየጨመረ ከሄደ ከመጀመሪያው ወገን ነው፤ ባለበት ከቆመ ማሳጠር አያስፈልገውም።

ሁለተኛው ደረጃ፦ የቦታውን አየርና የውሻውን አዋዋል ማገናዘብ

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ይገኛሉ፤ በመንገድ የሚራራቁት ግን 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ከፍታ በ100 ሜትር ሲቀንስ ሙቀቱ ከግማሽ ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ስለሚጨምር፣ በከፍታው ልዩነት ብቻ ሁለቱ ከተሞች በ4 ዲግሪ ገደማ ይለያያሉ። ከደሴ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ የደረሰ ሰው ጃኬቱን እንደሚያወልቅ ሁሉ፣ ለደሴ የተገባው የፀጉር ርዝመት ለኮምቦልቻ ላይስማማ ይችላል።

ደሴ ላይ ሁለት ነገሮች ይጋጫሉ። ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት ሌሊቱ ይበርዳል፤ ውርጭ የሚጥልበትም ጊዜ አለ። ትንሽ ውሻ ደግሞ ከሰውነቱ መጠን አንጻር የቆዳው ስፋት ብዙ ስለሆነ ሙቀቱን ቶሎ ያጣል። ቡቺን ላሳጥረው ማሰቤን የሰሙት የጎረቤታችን እናት፣ «ልጄ፣ ይህ እኮ ጋቢው ነው፤ በታኅሣሥ ከገፈፍሽው ምን ሊለብስ ነው?» ያሉኝ ትክክል ነበሩ። በሌላ በኩል ሐምሌና ነሐሴ ላይ ዝናቡና ጉሙ ስለማይፋታ፣ አንዴ የረጠበ ረጅም ፀጉር በራሱ እንዲደርቅ ቢተው ቀኑን ሙሉ እርጥብ ሆኖ ይውላል። እርጥብ ፀጉር እየተፋተገ ሲደርቅ ይቆላለፋል፤ ከሥሩ ያለው ቆዳም ታፍኖ ይቀላል፣ ይሸታል፣ ይቆስላልም። እንግዲህ ለደሴ ጥያቄው «ይሞቀዋል ወይስ ይበርደዋል?» ብቻ ሳይሆን «ሲረጥብ የሚያደርቀው አለ ወይ?» የሚለውም ጭምር ነው።

ኮምቦልቻ ላይ ሙቀቱና ተባዩ ያመዝናሉ። ውሻ እንደ ሰው በመላ ሰውነቱ አያልበውም፤ ሙቀቱን የሚያወጣው በዋናነት በማለክለክ ነው። ፀጉሩን ማሳጠር ቀለል ቢያደርግለትም የጥላንና የንጹሕ ውሃን ቦታ አይተካም። እንዲያውም እስከ ቆዳው የተላጨ ነጭ ውሻ፣ ቆዳው ሮዝ ስለሆነ ፀሐይ ሊያቃጥለው ይችላል። የማሳጠሩ ትልቁ ጥቅም መዥገርና ቁንጫ ቶሎ እንዲታዩ ማድረጉ ነው። መዥገር ረጅም ፀጉር ውስጥ ለቀናት ተደብቆ ደም ሊመጥና በሽታ ሊያስተላልፍ ይችላል። ጆሮ ውስጥ፣ አንገት ሥርና በጣቶቹ መካከል በየማታው በእጃችሁ ዳስሱ፤ ካገኛችሁ በወረንጦ ከቆዳው ጋር የተያያዘበትን ቦታ ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡት። ቁንጫ ለማጥፋት ብላችሁ ነጭ ጋዝ አትቀቡት፤ ቆዳውን ያቃጥላል፣ ሲልሰውም ይመርዘዋል። ለውሻ የተሠራውን መድኃኒት ከእንስሳት ሐኪም ጠይቁ።

የአዋዋሉ ነገርም ከአየሩ አያንስም። ወለሉ ምንጣፍ በሆነ ቤት ውስጥ የሚውል ውሻና ከልጆች ጋር ግቢ ለግቢ የሚሮጥ ውሻ አንድ ዓይነት ርዝመት ሊኖራቸው አይገባም። ክረምቱ አልቆ ሣሩ መድረቅ ሲጀምር ጭጎጎቱና የሰይጣን መርፌው ረጅም ፀጉር ላይ ይሰካል። የሣር እሾህ በጣቶቹ መካከል ወይም በጆሮው ገብቶ ቆዳውን ሊወጋና ሊያመረቅዝ ይችላል። ግቢ የምትጋሩ ከሆነም ጎረቤትን አስቡ፤ ለሶላት ውዱእ አድርገው የሚወጡ ሰዎች የውሻ ርጥበት ልብሳቸውን እንዳይነካ ይጠነቀቃሉ፣ ረጅም ፀጉር ያለው የረጠበ ውሻ ሲራገፍ ደግሞ ውሃው ሩቅ ይደርሳል። አብሮ መኖር በሚከበርበት ከተማችን ይህ በውሳኔው ውስጥ መቆጠር አለበት ብዬ አምናለሁ።

ሦስተኛው ደረጃ፦ ሰባት ቀን አበጥሮ ደቂቃውን መመዝገብ

ከሁሉም በላይ ክብደት የምሰጠው ለዚህ ደረጃ ነው፤ ብዙ ሰው የሚዘለውም ይህንኑ ነው። ከመወሰናችሁ በፊት ለሰባት ተከታታይ ቀናት ውሻውን በሚገባ አበጥሩና የፈጀባችሁን ደቂቃ በወረቀት ጻፉ።

በሚገባ ማበጠር ማለት የላይኛውን ፀጉር ማለስለስ አይደለም። ከላይ ሲታይ ያማረ፣ ከሥሩ ግን አንድ ወጥ ምንጣፍ የሆነ ፀጉር ብዙ ጊዜ አጋጥሞኛል። የሚያስፈልገው በአንድ በኩል ሰፊ፣ በሌላ በኩል ጠባብ ጥርስ ያለው የብረት ማበጠሪያ ነው። የእንጨት ሚዶ ለመግለጥ ያግዛል፤ ነገር ግን ትንንሾቹን ቋጠሮዎች አያገኛቸውም። ለዓይኑ ሥር የቅማል ማበጠሪያ ጥሩ ነው። ውሻውን በጎኑ አስተኙት። ከሆዱ ጀምራችሁ የላይኛውን ፀጉር በአንድ እጅ ወደ ላይ ገፍታችሁ ያዙና ከሥሩ አንድ ጣት የሚያህል መስመር ልቀቁ። ያንን መስመር መጀመሪያ ከጫፉ፣ ቀጥሎ ከመሃሉ፣ በመጨረሻ ከቆዳው ጀምራችሁ አበጥሩ። ማበጠሪያው ከቆዳው እስከ ጫፉ ሳይያዝ ሲወጣ ቀጣዩን መስመር ልቀቁ፤ እንዲህ እያላችሁ እስከ ጀርባው መሃል ውጡ። ቋጠሮ ሲያጋጥማችሁ ሥሩን በሁለት ጣት አጥብቃችሁ ያዙት፤ ያኔ ስትፈቱት የሚጎተተው ፀጉሩ እንጂ ቆዳው አይሆንም። ቶሎ የሚደበለበሉት ቦታዎች ከጆሮው ጀርባ፣ ብብቱ፣ የጭኑ ውስጥ፣ የአንገት ማሰሪያው የሚያርፍበትና የጅራቱ ሥር ናቸው።

አንዲት ዘመዴ ለቋጠሮው ቅቤ እንድቀባው መክራኝ ነበር። ለሰው ፀጉር የለመድነው ነገር ስለሆነ ምክሩ ከቅንነት የመጣ ነው፤ ነገር ግን ቅቤው አቧራ ይሰበስባል፣ ውሻውም እየላሰ ይጨርሰዋል፣ ሆዱንም ያውከዋል። ለትንሽ ቋጠሮ ጥቂት የበቆሎ ስታርች ነስንሶ በጣት መፈልቀቅ ይሻላል።

ሰባቱ ቀን ሲያልቅ ወረቀቱን ተመልከቱ። ስድስት ቀን ወይም ከዚያ በላይ ያለ ችኮላ አበጥራችሁ ከሆነ ፀጉሩን ማስረዘም ትችላላችሁ። አራት ወይም አምስት ቀን ከሆነ መካከለኛ ርዝመት ይስማማችኋል። ከዚያ በታች ከሆነ አሳጥሩት። ማሳጠር ለውሻው ፍቅር ማጉደል አይደለም፤ የተቆላለፈ ፀጉር በእያንዳንዱ እርምጃ ቆዳውን ስለሚጎትተው፣ ያላበጠሩትን ማስረዘም ነው የሚጎዳው። ልጆች «እኛ እናበጥረዋለን» ቢሉም ትምህርት ቤት ሲከፈት ስለሚጠፉ፣ የምትቆጥሩት የአዋቂውን እጅ ብቻ ይሁን።

ከደቂቃው ጋር ውሃውንም ቁጠሩ። በእኛ ቤት ረጅሙን ፀጉር አጥቦ በደንብ ለማለቅለቅ ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይፈጅ ነበር፤ ካጠረ በኋላ ከአንዱም ይተርፋል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ቀላል ልዩነት አይደለም።

አራተኛው ደረጃ፦ ውሻውን ራሱን መመልከት

ያረጀ፣ መገጣጠሚያው የሚያመው ወይም ለረጅም ጊዜ መቆም የማይችል ውሻ በየቀኑ ለሚደረግ ማበጠር አይመችም፤ አጭር ይሁንለት። የሚያክከው ወይም ቆዳው ላይ ክብ ክብ የሆነ የፀጉር መርገፍ የሚታይበት ካለ፣ ከመቁረጣችሁ በፊት ወደ እንስሳት ክሊኒክ ውሰዱት። ጭርት ከሆነ ከውሻ ወደ ሰው ይተላለፋል፤ ስለዚህም የቤተሰቡን ማበጠሪያና የፀጉር ማሽን ለውሻው ማካፈል በምንም ጊዜ ቢሆን አይገባም።

ቡችላ ያላችሁ ደግሞ አንድ ነገር እወቁ። የቡችላነቱ ለስላሳ ፀጉር በትልቅ ውሻ ፀጉር የሚተካው በአብዛኛው ከስምንተኛው ወር እስከ አንድ ዓመት ተኩል ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። በእነዚያ ወራት ሁለቱ ፀጉሮች ስለሚጠላለፉ፣ ትናንት ንጹሕ የነበረው ዛሬ ተቋጥሮ ይገኛል። የቡቺም ችግር የጀመረው በዘጠነኛው ወሩ፣ ያውም በነሐሴ ነበር። ይህን ጊዜ በአጭር ፀጉር ማሳለፍና በኋላ ማስረዘም ብልህነት ነው።

አምስተኛው ደረጃ፦ ርዝመቱን በሴንቲ ሜትርና በወር መወሰን

«አጭር» እና «ረጅም» የሚሉት ቃላት ማሽኑን ለያዘው ሰው በቂ አይደሉም። አጭር ስል ከ1.5 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር፣ መካከለኛ ስል ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር፣ ረጅም ስል ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ ማለቴ ነው። ከ1 ሴንቲ ሜትር በታች መውረድን ሐኪም ካላዘዘ ወይም ድብልብሉ ሌላ ምርጫ ካላሳጣ በቀር አልመክርም። ውሳኔውም ለመላው ሰውነት አንድ መሆን የለበትም። የጆሮውንና የጅራቱን ፀጉር አስረዝሞ ገላውን ማሳጠር ይቻላል፤ መልኩም ያምራል። በመርገጫው ጣቶች መካከል፣ በጅራቱ ሥርና በሽንት መውጫው አካባቢ ያለው ግን ምንጊዜም አጭር መሆን አለበት።

ወሩን ስታስቡ የእነዚህ ውሾች ፀጉር በወር 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ እንደሚያድግ ቁጠሩ። ደሴ ላይ በግንቦት ወደ 2 ሴንቲ ሜትር ያሳጠረ ሰው ነሐሴ ሲገባ 4 ወይም 5 ሴንቲ ሜትር ያገኛል፤ ይህንን በክረምቱ መሃል ጫፍ ጫፉን ማስተካከል ይበቃል። የዓመቱን የመጨረሻ ማሳጠር በመስከረም አጋማሽ ካደረገው ውርጩ ሳይገባ ጋቢው ተመልሶ ይበቅላል። ኮምቦልቻ ላይ ግን በመጋቢት መጨረሻ አሳጥሮ እስከ ሰኔ ድረስ በ2 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ማቆየት ይሻላል።

ስድስተኛው ደረጃ፦ ለማስረዘም ከወሰናችሁ

ከአጭር ተነሥቶ 15 ሴንቲ ሜትር ለመድረስ ከአንድ ዓመት በላይ ይፈጃል። ከባዱ ጊዜ ከ4 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ያለው ነው፤ ፀጉሩ በክብደቱ ለመውረድ ገና ስላልረዘመ እርስ በርሱ ይተሻሻል። ዓይኑ ላይ የሚወርደውን በለስላሳ ላስቲክ ወደ ላይ እሰሩትና በየቀኑ ፍቱት፤ ሳይፈታ የሰነበተ ላስቲክ ፀጉሩን ከሥሩ ይበጥሳል። በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ ለብ ባለ ውሃና ለውሻ በተሠራ ሻምፖ እጠቡት፤ የልብስ ሳሙና ቆዳውን ያደርቃል። ሳታበጥሩ ግን አትጠቡ፤ ቋጠሮ ውሃ ሲነካው ይጠብቃል። በፎጣ ስታደርቁ እየተጫናችሁ ውሃውን ምጠጡ እንጂ አትሹት። በአንድ ሳምንት ውስጥ በአንድ ቦታ ሁለት ጊዜ ድብልብል ካገኛችሁ፣ ያንን ቦታ ብቻ አሳጥራችሁ ሌላውን ቀጥሉበት።

ሰባተኛው ደረጃ፦ ለማሳጠር ከወሰናችሁ

ቅደም ተከተሉ ማበጠር፣ ማጠብ፣ ፈጽሞ ማድረቅ፣ ከዚያ መቁረጥ ነው። እርጥብና ቆሻሻ ፀጉር ማሽኑን ያደነዝዘዋል፣ ቁርጡንም ያዛንፈዋል። ሊፈታ የማይችል ድብልብል ካለ ግን አታጥቡት፤ መጀመሪያ በማሽን ይነሣ። መቀስ እዚህ ቦታ ላይ እንዳይገባ ደግሜ አሳስባለሁ፤ ድብልብሉ ቆዳውን ወደ ላይ ስቦ ስለሚይዘው የት እንዳለቀ ዓይን አይለየውም። ከተቻለ ጠባብ ማበጠሪያ በቆዳውና በድብልብሉ መካከል አስገብታችሁ ከማበጠሪያው በላይ በማሽኑ ቁረጡ።

ለገላው የማሽኑን ርዝመት መጠበቂያ ቁጥር ገጥማችሁ ተጠቀሙ። በተለመደው የፀጉር ቤት ማሽን ቁጥር 4 ወደ 13 ሚሊ ሜትር ያስቀራል፤ ከዚያ የሚበልጠውን በማበጠሪያ እያነሣችሁ በመቀስ ማስተካከል ትችላላችሁ። ማሽኑን ከአንገቱ ወደ ጅራቱ፣ ፀጉሩ በሚተኛበት አቅጣጫ ንዱት። ብብቱና የጭኑ እጥፋት ላይ ቆዳውን በሌላው እጃችሁ ወጥራችሁ ያዙ። በጆሮው ጠርዝ ላይ ያለችውን ትንሽ ኪስ መሰል እጥፋትና የጡቶቹን ጫፍ በጣታችሁ ሸፍኑ። ምላጩ ይግላል፤ በየጥቂት ደቂቃው አጥፍታችሁ የእጃችሁ አንጓ ላይ በውስጥ በኩል አስነክታችሁ ፈትኑት፤ ለእናንተ ካቃጠላችሁ እርሱንም ያቃጥለዋል። ዓይኑ አካባቢ ጫፉ ደልዳላ በሆነ መቀስ፣ አፍንጫው ወዳለበት አቅጣጫ ብቻ ቁረጡ። ሥራውን ለሌላ ሰው ከሰጣችሁም አብራችሁ ቁሙና የምትፈልጉትን ርዝመት በጣታችሁ አሳዩት።

የመጀመሪያው ቀን ከሃያ ደቂቃ አይብለጥ። ቡቺን ያሳጠርነው በሦስት ቀን ነው፤ አንድ ቀን ጀርባውን፣ አንድ ቀን እግሮቹን፣ በመጨረሻ ራሱን። በየመሃሉ ማሽኑን አጥፍተን እንዲያሸተው እንተወው ነበር። አሁን ገላው 3 ሴንቲ ሜትር፣ ጆሮዎቹ ረጅም ናቸው፤ አንድ ቀን አበጥሬ አንድ ቀን አሳርፈዋለሁ፣ አሥር ደቂቃም ይበቃኛል። ድንገት የቀለለው ውሻ መጀመሪያ ላይ ሊንቀጠቀጥና ሊያፍር የመሰለ ሁኔታ ሊያሳይ ይችላል፤ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ሌሊቶች ከሲሚንቶው ወለል አንሥታችሁ፣ ነፋስ በማይገባበት ጥግ፣ በታጠፈ አሮጌ ባና ላይ አስተኙት።